ጋሽ ደምሴ ያልተነሱለት ሰው

ባለፈው ቅዳሜ ሌዊስቪል ከተማ ውስጥ፣ በአንድ የለቅሶ አዳራሽ ከእህቴ ጋር ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከኋላዬ አንድ ታጣፊ የብረት ወንበር ሲጢጥ አለ። ጋሽ ደምሴ ፊቴ የተደቀኑት በዚያ ድምፅ ነው፤ ለሰው በተነሱ ቁጥር ወንበራቸው እንዲያ ይጮህ ነበርና።

ልጆች ሳለን ከእኛ ሥር ባለው አፓርትመንት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ፋርመርስ ብራንች በምትባል ከተማ በሚገኝ መጋዘን ዕቃ ያሽጉ ስለነበር ልብሳቸው ካርቶንና ፕላስተር ይሸታል፤ ከሥሩ ደግሞ ለታመመ ጉልበታቸው የሚቀቡት የሜንቶል ቅባት አለ። ሰውን ተቀምጠው አይቀበሉም። ለቄስም፣ ለቧንቧ ሠራተኛም፣ ለእኛ ለልጆችም ብድግ ይላሉ። እኛም ይህን አውቀን፣ መሳቅ ሲያምረን በራቸውን እየከፈትን እንወጣ እንገባባቸው ነበር።

“ጋሼ፣ አይደክምዎትም?” አልኳቸው አንድ ቀን።

“የምነሳው ለሰው ነው” አሉ እያለከለኩ። “አንተ ጦጣ መሆንህን ያረጋገጥኩ ቀን እቀመጣለሁ።”

የእህታቸው ሞት ከአገር ቤት የተሰማው በሥራ ቀን ነበር። ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ቤታችን ተሰብስበው፣ ከበው፣ እያባበሉ ሊያረዷቸው ይጠብቁ ጀመር። አባቴ ለመጋዘኑ አለቃ ለጌታሁን ደውሎ፣ ምክንያቱን በምስጢር ነግሮ፣ ቀደም ብሎ እንዲለቃቸው ለመነው። አብሯቸው ይሠራ የነበረ ሰው በኋላ እንዳወራው፣ ጌታሁን ወደ ማሸጊያው መስመር ሄዶ፣ በማሽኑ ጩኸት ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ “ደምሴ! እህትህ ሞታለች። ሺፍትህን ጨርስና ትሄዳለህ” አላቸው።

ጨረሱ። ቤት ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ የሚነግሯቸው ነገር አልነበረም።

በሣልስቱ ጌታሁን የውሃ ካርቶን በትከሻው ተሸክሞ ለቅሶ ደረሰ። አብዛኛው ለቀስተኛ እንጀራው በእሱ እጅ ነበርና ክፍሉ በሙሉ ተነሳ። ወንበሮቹ ሁሉ ጮኹ፤ አንዱ ብቻ ዝም አለ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ፣ “ጋሽ ደምሴ፣ ጌታሁን እኮ ነው። ሥራዎን ያስቡ እንጂ” አላቸው።

“አየሁት” አሉ።

ጌታሁን “እግዜር ያጽናህ” ብሎ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ ካርቶኑን አስቀምጦ ወጣ። ወዲያው ትንሿ እህቴ ውሃ በብርጭቆ ስታመጣላቸው ግን ብድግ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። ወይም እንደዚያ ይመስለኛል።

ከለቅሶው በኋላ መጋዘኑ አልፈለጋቸውም። በዚያ ጉልበት ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኛ ዊልቸር ሲገፉ ዓመታት ቆዩ፤ በመጨረሻም ራሳቸው ዊልቸር ላይ ዋሉ። በአረጋውያን ማቆያው ልጠይቃቸው ስገባ መደገፊያውን ጨብጠው ለመነሳት ይታገሉ ነበር። አልሆነላቸውም። አፍረው አንገታቸውን ይደፉ ነበር፤ እኔም ያንን ላለማየት ሳልሄድ የቀረሁባቸው ቀኖች ሳይኖሩ አይቀሩም። ተነሥተው የተቀበሉት የመጨረሻ ሰው ማን እንደ ነበረ አላውቅም።

እናቴ ታሪኬን አትቀበልም። “ልጄ፣ ጉልበታቸው አብጦ መነሳት አቅቷቸው እንጂ ኩራት አልነበረም” ትላለች። ልክ ልትሆን ትችላለች። በልጅነቴ ያየሁትን በኋላ ከተመኘሁት መለየት የማልችልበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ።

ስለዚህም ባለፈው ቅዳሜ፣ ወንበሩ ሲጮህ፣ ከዚያ ከለቅሶው ቀን ምን እንደምታስታውስ እህቴን ጠየቅኋት።

“ኦኬ፣ ብዙ አላስታውስም” አለች። “ግን ውሃውን ሲቀበሉኝ ፊታቸው በጣም ላይ ነበር። ማለቴ፣ አንገቴን እስኪያመኝ አንጋጥጬ ነው ያየኋቸው። ሶ፣ ጋሼ ረጅም ነበሩ አይደል?”

ጋሽ ደምሴ አጭር ሰው ነበሩ። ይህን ልነግራት ስል የአዳራሹ በር ተከፈተና አንድ የማናውቀው ሰው ገባ። ሁለታችንም ተነሳን።