ያልበደሉ ጣቶች

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም የገደፍኩበትን ቀን፣ ወንድሜን የተቀየምኩትን፣ ያማሁትን ሁሉ ዘርዝሬ ነግሬያቸዋለሁ። ይህችን ግን በየጊዜው እየዘለልኩ አለፍኳት። ትንሽ መስላኝ አይደለም። ትንሽ ብትመስለኝማ ኖሮ መጀመሪያ የምናገረው እሷን ነበር።

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የእንጨት ሥራ አስተምራለሁ። ከደጋ ከመጣሁ ብዙ ዓመቴ ነው። ክራር የተሰበረበት፣ ጊታር የተበላሸበት ሰው ወደ እኔ ይመጣል። ኒውላንድ በሚባለው ሰፈራችን “ቲቸር ጋ ውሰዱት፣ እሱ ያቃናዋል” ይባላል። ይህን ስም እወደው ነበር። ከሚገባው በላይ እወደው ነበር።

ኡጁሉ የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። በቤተ ክርስቲያናቸው የመዘምራኑ ኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋች ነበር። “ነበር” የምለው በእኔ ምክንያት ነው። አንድ ቀን የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተሰበሩ። አጥንቱ ገጠመ፣ ጣቶቹ ግን አልታጠፍ አሉ። ያየው የጤና ባለሙያ፣ “ካሠራሃቸው ይፈታሉ፤ ካስቀመጥካቸው እንደዚሁ ደርቀው ይቀራሉ” አለው። ሚስቱ አሪየት አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቃ ኳስ ሰፋችለት። ኡጁሉ ያንን ኳስ መንገድ ላይም ሥራ ቦታም ሲጨምቅ ከረመ። ሲያመው ጥርሱን ነክሶ ይጨምቃል። ከወራት በኋላ ጣቶቹ መታጠፍ ጀመሩ።

ያኔ ጊታሩን ይዞ መጣ። ለፋሲካ ከፑኝዶ ከተማ እንግዳ መዘምራን ስለሚመጡ፣ ከአደጋው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫወተው ያን ቀን ነበር።

“ቲቸር፣ እኔ ተጠግኛለሁ። አሁን የእሱ ተራ ነው” አለኝ እየሳቀ።

በጊታሩ አንገት ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች፣ ፍሬት የምንላቸው፣ ከጨዋታ ብዛት ክሩ በሚያርፍበት በኩል ተቦርቡረዋል። ሥራውን አውቀዋለሁ። ብረቶቹን በአንድ ልክ ትሞርዳለህ፣ የላይ ጫፋቸውን መልሰህ ክብ ታደርጋለህ፣ ከዚያ ታለሰልሳለህ። ከሁሉ በፊት ግን አንገቱ ቀጥ ማለት አለበት። የኡጁሉ ጊታር አንገት ክሩን ስፈታው መሃሉ ላይ በጥቂቱ ወደ ላይ ጎበጥ ብሎ ነበር። አየሁት። በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ማቃኛ የሚያዞር ቁልፍ አልነበረኝም። ቁልፉ እስኪገኝ ቆይ ልለው ይገባ ነበር። ቲቸር አቃተው እንዳልባል፣ ሳላቃና ሞረድኩት። አላወቅኩም ልበል? አውቄያለሁ። ተማሪዎቼን “ጣውላው ሳይቃና መላጊያ አታንሱ” እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ።

ክሩ ተመልሶ ሲወጠር አንገቱ ቀጥ አለ፤ ከጉብታው ላይ የሞረድኳቸው የመሃል ብረቶች ከሌሎቹ ዝቅ ብለው ቀሩ። እዚያ ቦታ ላይ ክሩን ስትጫነው ቀጣዩን ብረት ይነካና ድምፁ ይታፈናል። እኔ ከአንገቱ አናት አጠገብ ያሉትን ጥቂት ድምፆች ብቻ ሞክሬ፣ በበዓሉ ዋዜማ “ተጠግኗል” ብዬ አስረከብኩት። አምኖኝ ሳይሞክረው ወሰደው።

በማግስቱ ና ስማኝ ስላለኝ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄድኩ። የጣሪያው ቆርቆሮ ሙቀት ይተፋል፣ ሰዉ እስከ ደጅ ሞልቷል፣ እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። መጀመሪያ ደህና ነበር። ከዚያ መዘምራኑ ዝም ብለው ጊታሩ ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ ደረሰ። ኡጁሉ እጁን ወደ ጊታሩ አንገት መሃል አወረደ። ተጫነ፣ ድምፁ ሞተ። ደግሞ ተጫነ፣ ደግሞ ሞተ። መዘምራኑ ሊሸፍኑለት ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ኡጁሉ ጎንበስ ብሎ አየ። ጊታሩን አልነበረም ያየው፣ ጣቶቹን ነበር። ጊታሩን ያየሁት እኔ ነኝ። ወዲያው ገባኝ።

ሲያበቃ በግቢው ማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ወደቆምኩበት መጣ። አሪየት አብራው አለች።

“እጄ ነው ቲቸር” አለኝ። “አንተ ጥሩ ሠርተሃል። እጄ ነው እምቢ ያለው።”

የለም፣ የእኔ ጥፋት ነው። ይህን ማለት ምን ያህል ይከብድ ነበር? እኔ ግን “አይዞህ፣ ቀስ በቀስ ይመለሳል” አልኩት። የሰበርኩትን ሰው እኔው አጽናናሁት።

“እውነት ይመለሳል?” አለችኝ አሪየት።

“እግዚአብሔር ያውቃል” አልኳት። የእጄን ሥራ በእግዚአብሔር ላይ አላከክኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጊታሩን ቤቴ ድረስ አመጣው። “እጅ ላለው ሰው ስጠው” ብሎኝ ሄደ።

ቁልፉንና አዲስ ፍሬት ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። መጀመሪያ አንገቱን አቃናሁ። አሮጌዎቹን ነቅዬ አዲሶቹን ተከልኩ። ከላይ እስከ ታች አንድም የሚታፈን ድምፅ አልቀረም። ያን ዕለት ይዤለት መሮጥ አልነበረብኝም? ግን “ምን ነበር የሆነው?” ብሎ ይጠይቀኛል። ስለዚህ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። በኋላ መዘምራኑ ሲለምኑኝ ሰጠኋቸው፤ አኬሎ የምትባል ከፑኝዶ የመጣች ዘማሪት ተጫወተችበት። ኡጁሉ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሰማ። ያ እሱ እጅ ላይ የሞተው ድምፅ፣ እሷ እጅ ላይ ጥርት ብሎ ወጣ። ስንወጣ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

“አየህ ቲቸር? ጊታሩ ምንም አልነበረበትም።”

ማስረጃውን በእጄ ሠርቼ ያቀረብኩበት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ኳሱን እንደተወው አሪየት ነገረችኝ። “ለምን ልድከም ይላል። አንተን ይሰማሃል፣ ንገረው እንጂ” አለችኝ። እነግረዋለሁ አልኳት፤ አልነገርኩትም። ባለሙያው ያለውን አውቃለሁ፤ ካስቀመጥካቸው ይደርቃሉ። ደረቁ። ዛሬ እነዚያ ሁለት ጣቶች በእውነት አይታጠፉም። ውሸቴ እውነት ሆነ። ቢነገረውስ አሁን ምን ይጠቅመዋል እያልኩ፣ ያንንም ሰበብ አድርጌ ዝም እላለሁ።

ቀንቼበት ቢሆን ምክንያት ይኖረኝ ነበር። ጠላቴ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። የምወደው ሰው ነው። ያጠፋሁት ለስሜ ስል ብቻ ነው፤ ስሜም እስካሁን እንዳማረ አለ።

ባለፈው ወር ባሮ ዳር አገኘሁት። የዓሣ መንጠቆ በአንድ እጁና በጥርሱ ሊያስር ይታገላል። “ያዝልኝ ቲቸር” አለኝ። ክሩን ያዝኩለት፣ አሰረ። “እግዜር ይስጥልኝ” አለኝ። “አብሮ ይስጠን” ብዬ ሄድኩ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም። የኡጁሉ ቤት ከእኔ ቤት አሥር ደቂቃ አያስኬድም፤ ይህን ሁሉ ለእናንተ የጻፍኩት እዚያ ላለመሄድ ነው።