ለሁሉም ጠመንጃ አንድ ባሩድ

ይህን የምጽፈው አጎቴ አያ ፈንቴ የሞሉት ጥይት በእጃችሁ ያለ የወለቃ ሰዎች እንዳትተኩሱት ለመለመን ነው።

ዛሬ ጠዋት በጎረቤት ቀብር ላይ ራሳቸው የሞሉትን ጥይት ሲተኩሱ ምንሽር ጠመንጃቸው እጃቸው ላይ ፈነዳ። ቀኝ ዓይናቸው ጠፍቷል።

አያ ፈንቴ የተተኮሰ ቀለህ እየሰበሰቡ መልሰው ይሞላሉ። ባሩዱን ከክላሽ ጥይትም ከሌላም እያወጡ በአንድ ጣሳ ይቀላቅሉታል፤ ለሁሉም ጠመንጃ የሚሆን አንድ ባሩድ መፈለጋቸው ነበር።

ባሩድ ሁሉ በእኩል ፍጥነት እንደማይነድ፣ ለአንዱ ጠመንጃ ልክ የሆነው ሌላውን ሊያፈነዳ እንደሚችል አንብቤ አምና ነግሬያቸው ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ጠመንጃ መጽሐፍ አያነብም» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ደግሜም አላነሣሁትም።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሳገኛቸው ስለ ዓይናቸው አልጠየቁኝም።

«ለባልንጀራዬ ለሙጬም ሞልቼለታለሁ፤ ለሌሎችም። ለማን ለማን እንደሰጠሁ ግን ጠፋኝ» አሉኝ።

እንዲህ ያለ ጉዳት በቤታችሁ ደርሶ ከሆነ ከታች ጻፉት፤ እኔን ያልሰማ እናንተን ይሰማ ይሆናል።

በኅዳር ሚካኤል ንግሥ መተኮሱ አይቀርምና፣ ጥይቱን ሳትፈቱና እሳት ሳታስጠጉ እስከ ኅዳር 11 ድረስ ወደ ቤታችን መልሱልን።