ተናጋሪው ሰዓት

ነገሌ የሚኖረው አጎቴ ዓይኑ ሲደክም፣ በራሱ በአጎቴ ድምፅ የሚናገር ሰዓት ሠራሁለት። መብራት ሲጠፋ ቆጠራውን የምትይዝለት ትንሽ ባትሪ ግን አለቀች። ከዚያ ወዲህ መብራት በመጣ ቁጥር «አሥራ ሁለት ሰዓት» እያለ እንደ አዲስ ይጀምር ነበር። ሌላ ባትሪ ሳላመጣለት አጎቴ አረፈ።

ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ ጠፍቶ የሰነበተው መብራት ድንገት መጣ። ከጓዳ የአጎቴ ድምፅ «ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ» አለ።

ስልኬን አየሁ፤ ዘጠኝ ከሩብ። ለቀስተኛው የሸሸው ድምፁን ፈርቶ ነው፤ እኔ ግን ሁሉንም ቀድሜ በር ላይ የደረስኩት ሰዓቱ ልክ ስለነበረ ነው።

ሚስቱ አዴ ዳኪ ንቅንቅ አላሉም። «ኮቱ፣ ና ተመለስ ልጄ! መብራት ሳይጠፋ ወርቅ ይመዝንበት ከነበረው ሚዛን ባትሪ አውጥቼ ከተትኩለት፤ ሰዓቱንም አስተካከልኩ። በቁሙ ሰዓት ተሳስቶ የማያውቀውን ሰው፣ ሞተ ብዬ ላሳስተው?»