ጉሬዛ የሰማችው ወሬ

ያን ጠዋት ግቢያችን ውስጥና አጥሩ ሥር የነበርነው እነዚህ ነን፦ አባዬ፣ ታላቅ እህቴ ሰናይት፣ የጥጃዋን ገመድ የያዝኩት እኔ፣ ጠርሙሳቸውን ይዘው ወተት የሚጠብቁት ጎረቤታችን እማማ ብርቄ፣ ባለሱቁ ጋሽ ከድር፣ ላማችን ጉሬዛና ጥጃዋ። እማዬ አልነበረችም። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ቃሊቲ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። የምንኖረው በጉሬዛ ነው፤ ለእሷ ሲባል እያንዳንዳችን ሁለት ሦስት ሥራ ነበረን። አባዬ ሌሊት መጋዘን ሲጠብቅ ያድርና ጠዋት የዘበኛ ካፖርቱን ሳያወልቅ በረት ጠራጊ ይሆናል፤ ከሰዓት ፉርሽካ ተሸካሚ፣ ላሟን ሆዷን ሲነፋት ደግሞ ሐኪሙ እስኪመጣ ሐኪም። ሰናይት ጠርሙስ አጥባ፣ ወተት አድርሳ፣ ዩኒፎርሟን እየቆለፈች ወደ ትምህርት ቤት ትሮጣለች። እኔ የጥጃዋ ሞግዚት ነበርኩ። እጄ የጥጃ ምራቅ ስለሚሸት አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ ደብተሩን ያርቅብኝ ነበር። ማለብ ግን የእማዬ ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት አክስቴን ምጥ ይዟት እማዬ ገና ሳይነጋ ወደ ኮዬ ፈጬ ሄደች። አባዬ ባልዲውን ይዞ ተቀመጠ። ጥጃዋን አስጠግተን ብናርቃትም ጉሬዛ ወተቷን ያዘች። ግቷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ሳትታለብ ከዋለች ጡቷ እንደሚያብጥ፣ ካበጠ ደግሞ ዳግመኛ የወተት ላም ላትሆን እንደምትችል ሁላችንም እናውቃለን።

ሰናይት «የእማዬን ጠረን ፈልጋ ነው» ብላ የእማዬን ሻሽ አመጣች። አባዬ ሻሹን ራሱ ላይ አሰረ። ጉሬዛ ዞራ አየችው፣ በረጅሙ ተነፈሰች፣ ከዚያ ባልዲውን በእርግጫ አለችው።

«ታደሰ፣ አምሮብሃል! ሙሽራ መስለሃል» አሉ እማማ ብርቄ በአጥሩ ቀዳዳ።

«እማማ፣ እባክዎ ላሟን አያስቁብኝ።»

ያኔ ትዝ አለኝና «እማዬ እኮ ስታልባት ወሬ ታወራታለች» አልኩ። እውነት ነው። ማን እንዳገባ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የሰፈሩን ወሬ ከሰው ሁሉ ቀድማ የምትሰማው ጉሬዛ ነበረች። አባዬ ግን ከ«እሺ» እና ከ«አቤት» ሌላ ቃል በግድ የሚወጣው ሰው ነው። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እ... እንደምን አደርሽ። ሌሊቱ ሰላም ነበር። የተሰበረ ቁልፍ የለም።»

ጋሽ ከድር በሳቅ ሊሞት ደረሰ። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ለተረኛው የምትለው ነው! ወሬ ንገራት!»

አባዬ አሰበ። «እሺ። ከድር ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይተኛል። ልጆች ከረሜላ ሲጠይቁት በእንቅልፍ ልቡ ሳሙና ይሰጣል።»

«ኧረ ወላሂ አንዴ ብቻ ነው!»

የጉሬዛ ጆሮ ቀጥ አለ።

«እማማ ብርቄ ደግሞ...»

«የእኔን ተወው!» አሉና ጠርሙሳቸውን አነሡበት።

አባዬ ፈገግ አለ። ግንባሩን ጎኗ ላይ አስደግፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር አወራት። ረዘም ያለ ነገር። እኔ በወዲያኛው በኩል ነበርኩ፤ በዚያ ላይ አንድ ከባድ መኪና እያጓራ አለፈ። መኪናው ሲርቅ የሰማሁት የወተቱን ድምፅ ነው፤ ጭርር፣ ጭርር፣ ባልዲው ውስጥ። ሁላችንም ጮህን። አባዬ «ዝም በሉ፣ እየሰማች ነው» አለን።

እማዬ ከሰዓት የወንድ ልጅ ብሥራት ይዛ ተመለሰች። የሆነውን ስንነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በማግስቱ ስታልብ ግን «እስቲ ንገሪኝ፣ ምን አለሽ?» ስትላት ሰማኋት። ጉሬዛ ታመነዥካለች።

ዛሬ በረቱ የነበረበት ቦታ ፎቅ ቆሞበታል። እኔም የላስቲክ ወተት ከሱቅ እገዛለሁ። ጥሩ ወተት ነው፤ ግን ማንም ምንም ያላወራት ላም ወተት ይመስለኛል። አባዬን ስጠይቀው «ለእሷ የነገርኩት ለእሷ ነው» ይለኛል። ሰናይት ስለ እማዬ ነበር ትላለች። ጋሽ ከድር «የእኔን ሐሜት ነው የጨረሰው» ብሎ ይምላል። በሻሹ ቀለም እንኳ አልተስማማንም፤ እኔ ቢጫ እላለሁ፣ ሰናይት አረንጓዴ።

እማማ ብርቄ፣ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ለአባዬ ከሁሉም የቀረቡት እርስዎ ነበሩ። የልጅ ልጆችዎ ይህን ካነበቡልዎ፣ የሳትኩትን ያርሙኝ፣ የሻሹንም ቀለም ያስታውሱኝ። ከሁሉ በፊት ግን ይንገሩኝ፤ አባዬ ምን አላት?