የጋሽ ተፈራ መደብ

ባለፈው ወር የልጅ ልጄ ራህማ ከማንጎው ዛፍ ሥር መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዩኒቨርሲቲዋን በሒሳብ ጨርሳለች፤ አሁን ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ሄጄ አክቹዋሪያል ሳይንስ የሚሉትን ልማር ትላለች። አባቷ፣ ማለት ልጄ፣ «እዚሁ አሶሳ አካውንቲንግ ተማሪ፤ ስሙን እንኳ ሰው የማያውቀውን ተምረሽ ማን ይቀጥርሻል?» ብሎ አኩርፏል። የምዝገባው ቀን ሊያልፍ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር።

«እስቲ ምንድን ነው እሱ?» አልኳት።

«እምዬ፣ ጉዳት ማን ላይ እንደሚወድቅ አይታወቅም አይደል? አንዱ ላይ መውደቁ ግን አይቀርም። ሁሉም አስቀድሞ ምን ያህል ቢያዋጣ የተጎዳው ሰው ይነሳል? እሱን ማስላት ነው፤ የኢንሹራንስ ሒሳብ።»

ማንጎዬን መላጤን ቀጠልኩ። የአባቴ በሬ ትዝ አለኝ።

ያኔ ገና አላገባሁም። ከወሎ መጥተን አሶሳ አጠገብ፣ በቁጥር በምትጠራ የሰፈራ መንደር ነበርን። የዚህ አገር ዝናብ ሲመጣ አይቀልድም፤ መሬቱ ቀይ ጭቃ ይሆናል፣ ቀርከሃው ዓይንህ እያየ የሚያድግ ይመስላል። ትራክተር ይመጣል ተብሎ የቀረበት ዓመት ነው። ጥንድ በሬ ነበረን። ሊዘራ ሲል አንዱ፣ ቀዩ፣ ከወንዙ ዳር ገደል ገብቶ እግሩ ተሰበረ። ሳይሞት ታረደ።

ልማዱ ከወሎ አብሮን የመጣ ነው። በሬ የተሰበረበት ሰው ሲኖር ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፈላል፤ ጎረቤት ያማረውም ያላማረውም አንዳንድ መደብ አንስቶ እህል ይሰፍራል። በእህሉ ሌላ በሬ ይገዛል። እዚህ ግን አብዛኛው መንደርተኛ ክርስቲያን ነው፤ እኛ እስላሞቹ ጥቂት ቤት ነን። እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። መደቡ ቅጠል ላይ ተደርድሮ ዝንብ ሲወረው አባቴ አንገቱን ደፋ። እኔ ደግሞ ጥለነው የመጣነው ረሃብ ተከትሎን የደረሰ መሰለኝ።

ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ፣ ማተቡ ከአንገቱ የማይጠፋ ሰው፣ ማሽላ በቁና ሞልቶ መጣና የአባቴ ጆንያ ውስጥ ገለበጠው።

«የኔ መደብ የትኛው ነው?»

አጎቴ አሊ ነገር አያልፈውም። «ጋሽ ተፈራ፣ ሰለምክ እንዴ?»

«አልሰለምኩም።»

«ታዲያ ለማትበላው ሥጋ ማሽላ ትሰፍራለህ?»

«የኔ በሬ እግሩ ብረት ነው እንዴ? ነገ እሱ ሲሰበር አንተስ ትበላልኛለህ? አትበላም! ትሰፍራለህ ግን።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴም ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ሳቀ። ከዚያ ክርስቲያኖቹ አንድ በአንድ ቤታቸው ገብተው ቁናቸውን ይዘው ወጡ። ጋሽ ተፈራ መደቡን ከወንዙ ማዶ ላለችው የአገሩ ተወላጅ፣ እስላሟ በርታ ጎረቤታችን ለሐዋ በእኔ ላከላት። እሷም «ተፈራ ሥጋ አይበላም፤ ማንጎ ይበላል!» ብላ ቅርጫቴን ሞልታ መለሰችኝ።

የተገዛው በሬ ጥቁርና ሰነፍ ነበር፤ ግን አረሰ። ዘሩ አፈር የለበሰ ቀን እናቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ስታንጎራጉር ሰማኋት።

ይህን ለራህማ ነገርኳትና «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አልኳት። «በናንተ ስሌት ውስጥ ሥጋውን የማይበላ ሰው አለ?»

አሰብ አደረገች። «አለ እንጂ፣ እምዬ። አብዛኛው ሰው እኮ እሱ ነው። ሲያዋጣ ይኖራል፣ በሬው ሳይሰበር ዕድሜው ያልፋል። እሱ ባይኖር ሁሉም ይፈርሳል።»

ልቤ ያን ጊዜ አረፈ። ልጄን ጠርቼ «ስሙን ነው እንጂ የማናውቀው፣ ነገሩንስ እናውቀዋለን፤ አያትህ የዘሩት በዚህ ነው» አልኩት። ጥቂት አጉረመረመ። ኋላ ግን አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ራህማን ጠየቃት።

ትናንት ሸኘናት። ማንጎ ቋጠርኩላትና «አንዱን አጠገብሽ ለሚቀመጠው ሰው ስጪ» አልኳት። ድሮ ከወሎ ስንመጣ መንገድ ያስለቅሰኝ ነበር። አሁን ግን አውቃለሁ፤ ገደል የትም አለ፤ ቁና ይዞ የሚመጣም አለ። አውቶቡሱ ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሜ፣ ቅልል ብሎኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።