ከፈተናው በፊት አራት ግብዣ

ሰኞ፣ ንጋት

ከቪየና የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። አንድ ሻንጣና አንድ ቦርሳ ሙሉ ኖታ ይዣለሁ። ባለታክሲው ፒያኖ ተጫዋች መሆኔን ሲሰማ ያልሄድኩበት አገር የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ። ቁጭ ብዬ የኖርኩበት ነው የጠፋው ልለው አሰብኩና ተውኩት። ዘጠኝ ዓመት አንድ ቦታ ኮንሰርት፣ ሌላ ቦታ የሦስት ወር ማስተማር እያልኩ ዞሬያለሁ። አሁን አትላንታ ያለ አንድ ኮሌጅ ቋሚ የፒያኖ መምህር ይፈልጋል፤ ዓርብ ጠዋት ተጫውቼ እፈተናለሁ።

ሰኞ፣ ከሰዓት

አትላንታ አውሮፕላን ጣቢያ ጋሽ በቀለ ጠበቀኝ። የታላቅ ወንድሜ ጓደኛ ነው፤ በሱዳን በኩል ወጥቶ አሁን አትላንታ ዳር፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ፣ ሆስፒታል ውስጥ ይሠራል። መኪናው ረጅም ነው፤ በኔ በኩል ያለው መስኮት አይከፈትም። ሙቀቱ ልብስ ያጣብቃል። ቻምብሊ የሚባል ሰፈር ካለው አፓርታማው ስንደርስ ዶሮው፣ ክትፎውና ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ጠበቀን። የምለማመድበት ፒያኖ ልጠይቅ አልኩና፣ በዚያ ሁሉ ጉርሻ መሀል አፍሬ ዋጥኩት።

ማክሰኞ፣ ረቡዕ

ማክሰኞ ሳንዲ ስፕሪንግስ ምሳ ተጋበዝን። ረቡዕ ሌላ ሰፈር፣ አቮንዴል እስቴትስ፤ ጾም ስለሆነ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ጠረጴዛውን ሞልቶታል። በየቤቱ ሶፋው ላይ ፕላስቲክ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴል አለ። ካልበላሽ ተቀየምን ይሉኛል። ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ ሆነው ለብቻቸው ይጫወታሉ። ጋሽ በቀለ ለኔ ሲል ከሥራ ቀርቷል፤ ይህን እያሰብኩ ደግሜ እበላለሁ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት

ወደ አራተኛው ግብዣ ስንሄድ አላስችል አለኝ።

«ጋሼ፣ ፈተናው ነገ ነው። ከእሑድ ጀምሮ ፒያኖ አልነካሁም።»

ቤንዚን ማደያ ገብቶ መኪናውን አቆመ። ከልቡ ግራ ገብቶታል።

«ዘጠኝ ዓመት በየአገሩ የተጫወትሽውን አታውቂውም እንዴ? እኔ እኮ ኦፍ የወሰድኩት አንቺ እንድታርፊ ብዬ ነው።»

አውቀዋለሁ፣ ግን በየቀኑ ካልሠሩት እጅ ይረሳል አልኩት። ከማደያው የስልክ ሳጥን ደውሎ ለጋባዦቻችን ይቅርታ ጠየቀና፣ የባለቤቱ እህት ወደምትጸልይበት የጴንጤዎች ቤተ ክርስቲያን ወሰደኝ። ፒያኖው ሦስት ቁልፉ አይጮህም። ሁለት ሰዓት ሠራሁ። እሱ የኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ አንዱን መስመር ስደጋግም እየሰማ ጠበቀኝ።

ዓርብ

ፈታኞቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሙዚቃ በሰላም አለፈ። ሁለተኛው ላይ ግራ እጄ መንገዱ ጠፋውና ቆምኩ። ከየት እንደምጀምር እስካስታውስ ድረስ አንድ ሰው ወረቀት ሲገልጥ ሰማሁ። ቀጥዬ ጨረስኩ፤ በትሕትና አመሰገኑኝ። ከሰዓት በኋላ ደውለው ሌላ ሰው እንደመረጡ ነገሩኝ። አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ጠዋት

ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ስንሄድ ጋሽ በቀለ ካሴት አልከፈተም። በሩ ላይ ሻንጣዬን አወረደና እጀታውን እንደያዘ ቆመ።

«እውነቱን ንገሪኝ። እኛ ነን ያበላሸንብሽ?»

አይደለም አልኩት። ይሉኝታ ይዟት ነው ብሎ መሰለኝ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን እውነቴን ነበር። ሰኞ ዕለት ፒያኖ ወዳለበት ውሰደኝ ማለት እችል ነበር፤ ማክሰኞም እንደዚያው። በየቤቱ ደግሞ ብዪ ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ፒያኖ ሳልነካ የዋልኩት ቀን ሁሉ ዓርብን የሚያርቅልኝ ይመስለኝ ነበር። ቋሚ ሥራ እፈልጋለሁ እያልኩ፣ አንድ ቦታ መቅረቱን ፈርቼዋለሁ። ይህንኑ ሳልደብቅ ነገርኩት።

የሻንጣውን እጀታ ለቀቀልኝ።

«ታዲያ አሁን ወዴት ነሽ?»

«ሞንትሪያል» አልኩት። «ለሁለት ሳምንት።»