ዘይት የምትበላዋ መኪና

የዘይት መለኪያውን ዘንግ ከሞተሩ መዝዤ በነጭ ጨርቅ እጠርግና መልሼ ነክሬ ደረጃውን ደጋግሜ አያለሁ። ያየ ሰው የእርጅና ጥንቃቄ ይመስለዋል፤ እኔ ግን መነሻውን አውቀዋለሁ። በቅርቡ ከሚሴ ላይ የገዛኋት ያገለገለች መኪና፣ ከሥሯ አንዲት ጠብታ ሳይታይ ዘይቷ ይጎድላል። መካኒኩ ኮፈኗን ከፍቶ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ፣ «ጋሼ፣ አብሽሩ፤ ትንሽ ዘይት ትበላለች እንጂ ጤነኛ ናት» አለኝ። «ታቃጥላለች በል፤ መኪና አይበላም» ብዬ አረምኩት። ያረምኩት ለቋንቋ ንጽሕና ብቻ አልነበረም። ያ ቃል ከስድሳ ዓመት በላይ ሲያሳድደኝ የኖረ ቃል ነው።

ልጅ እያለሁ አባቴ በጨፋ ሮቢት የእህል ነጋዴ ነበር። ከአህያ ጭነት ወደ መኪና የተሸጋገረው ጣሪያዋ ሸራ የሆነ አሮጌ መኪና ከኮምቦልቻ ገዝቶ በመጣ ጊዜ ነው። ሰፈሩ ወጥቶ ዱዓ አደረገላት፤ እኛ ልጆችም የማሽላ አገዳ እያኘክን ትኩስ ጎማዋን በየተራ ዳሰስን። ደስታው ግን አልሰነበተም። አባቴ በየማለዳው ከጣሳ ዘይት ይጨምርላት ጀመር። እኔም ከሥሯ ተንበርክኬ ፈሶ እንደሆነ መሬቱን እመረምር ነበር። መሬቱ ደረቅ ነው። ከኋላዋ ግን፣ የተጠበሰ ሥጋ እንደሚሸት የሚሸት ሰማያዊ ጭስ ይወጣል።

ጎረቤታችን አባ ጅብሪል ከብቶቻቸውን ከቦርከና አጠጥተው ሲመለሱ በጭሱ መካከል ቆም ብለው፣ «ሀርአ ዘይተ ኛቲ፣ ቦሩ ነመ ኛቲ!» ብለው ሳቁ። ዛሬ ዘይት ትበላለች፣ ነገ ሰው ትበላለች ማለታቸው ነው። አባቴም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በቤታችን ኦሮምኛና አማርኛ ተቀላቅለው ይነገሩ ስለነበር ነገሩን በሁለቱም ቋንቋ መዘንኩት፤ በሁለቱም መብላት መብላት ነው። አባቴ ስለ አህዮቹ ሲናገር ደግሞ «ያልበላ ከብት መንገድ አይወጣም» ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከልቤ አልወጣ አለ፦ ዘይቱ ያለቀ ቀን ምን ልትበላ ነው?

ያ ቀን መጣ። እናቴን ምጥ ጠናባት። አዋላጇ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ደሴ አድርሷት» አሉ። እናቴን ከኋላ በጆንያ ላይ አስተኟት፤ እኔን ከቀሚሷ የሚያላቅቀኝ ስለጠፋ እኔም አብሬ ተጫንኩ። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ በሸራው ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመለከትኩ። የዘይቱ ጣሳ ደጃፋችን ላይ ቆሟል። አባቴ በጥድፊያ የማለዳ ቀለቧን ሳይሰጣት መውጣቱ ነው። ብጮህም ከእናቴ ጩኸት በላይ የሚሰማኝ አልነበረም።

ኮምቦልቻን አልፈን ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት ስንጀምር ከሞተሩ በኩል ድምፅ መጣ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ጅብ አጥንት ሲቆረጥም ሰምቼ አውቃለሁና ጥርስ መሆኑን አልተጠራጠርኩም። ወደ አባቴ ጮህኩ፦

«ቤሎፍቴቲ! አባዬ፣ ርቧታል! እማዬን ልትበላት ነው!»

«ዝም በል አንተ! ያ ረቢ፣ አሁን ደግሞ ልጁ አበደብኝ?» አለ አባቴ መሪውን እንደጨበጠ።

እናቴ በምጥ መካከል ራሷን ቀና አድርጋ፣ «በአላህ ይሁንብህ፣ ቁምና እያት» አለችው።

ቆመ። ዘንጉን መዘዘው፤ ጫፉ ደረቅ ነበር። አባቴን ፈርቶ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከጥርሷ ድምፅ ይልቅ ያስፈራኝ የእርሱ ፍርሃት ነው።

ከላይ የሚወርድ የጭነት መኪና አጠገባችን ቆመ። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «አቦ፣ ይቺ መኪና ናት ኩራዝ? ጭሷን ከሩቅ ሳየው ጎጆ የሚቃጠል መስሎኝ ነበር!» ብሎ ቀለደ። የእናቴ ሲቃ ሲሰማ ግን ቀልዱ አፉ ላይ ደረቀ። የራሱን ዘይት ይዞ ወርዶ እያንቆረቆረ፣ «ትንሽ ብትገፋት ሞተሩ ይነክስና ቀጥ ይልባችሁ፣ እዚሁ ትቀሩ ነበር» አለ። ይነክስ ነበር! እኔ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። ደሴ እስክንደርስ ጥርሷን እያዳመጥኩ የእናቴን እጅ ይዤ ተቀመጥኩ። እናቴ ተረፈች፤ እኅቴ ዘሀራም በዚያው ዕለት ተወለደች።

ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ የፒስተን ፋሻ የሚባለው ቀለበት ሲያልቅ ዘይት ሾልኮ ከነዳጁ ጋር እንደሚነድ ተማርኩ። ማብራሪያው እንከን የለውም፤ ፍርሃቴን ግን አልነካውም። ዛሬ ዘሀራ ኩላሊቷን ታማ ለእጥበት ደሴ የማመላልሳት እኔ ነኝ፤ ከእጥበቱ በኋላ የሚኒባስ ግፊያ ስለማትችል መኪናዋን የገዛሁት ለዚሁ ነው። ሞተሩ ወርዶ እስኪጠገን የእርሷ ቀጠሮ አይጠብቅም። አስፋልቱ ያኔ ከነበረው መንገድ ይሻላል፤ ከኋላ ወንበር ሥር ትርፍ ዘይት አለ፤ ስልክም በኪሴ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ እኔ ስጮህ የምትሰማኝ እናት፣ የሚያቆም አባት ነበሩኝ። አሁን መሪው በእጄ ነው፤ ጆሮዬም እንዳረጀ አውቃለሁ። ዳገቱ ላይ ያ ድምፅ ቢመጣ እሰማው ይሆን?

ዛሬ ማለዳ ዘንጉን መልሼ ሳስገባ ዘሀራ በሻርፕ ተጠቅልላ፣ በሩን ተደግፋ ወጣች።

«አያ፣ አበላሃት?»

«አብልቻታለሁ፤ ግቢ» አልኳት። ቃሉን አላረምኩም።